መስኮቱ የሚከፈተው ለማን ነው?

በዚህ መጽሔት ላይ ብዙ ጊዜ የምናነበው ሂስ ስለ ፊልም፣ ስለ ዘፈን ወይም ስለ ተከታታይ ድራማ ነው። እኔ ዛሬ የምተቸው አንዲት አጭር የዩቲዩብ ቪዲዮ ነው። ተዋናይ የላትም፣ ፍቅር የላትም፣ የሚያስለቅስ ታሪክም የላትም። አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የጌም ሪሞትና መነጽር ይዞ ያስረዳል፣ አለቀ። ሚሊዮኖች አይተዋታል። እኔ ግን ብዙዎቹ ያላዩበት ቦታ ቆሜ ነው ያየኋት፤ የሻይ ትሪ ይዤ፣ በሩ ላይ።

እኔ የወሎ ልጅ ነኝ። አሥረኛ ክፍል ጨርሼ ነው የተሰደድኩት። አሁን ደማም ውስጥ፣ አል ጀለዊያ በሚባለው ሰፈር ሰው ቤት እሠራለሁ። ሥራዬ እንደ ሁላችንም ነው፤ ማጽዳት፣ ማብሰል፣ መተኮስ። ከሁለት ዓመት ወዲህ ደግሞ የማዳም እናት ስትሮክ ስለመታቸው እሳቸውን መንከባከብ ተጨምሯል። ማማ ከቢራ ነው የምላቸው። ቀኝ ጎናቸው አይታዘዝም፣ ምላሳቸውም ተይዟል፤ ራሳቸውን ግን ያንቀሳቅሳሉ፣ የሚባለውን ሁሉ ይሰማሉ። ይህ ወደ በኋላ ይጠቅመናልና ያዙልኝ።

ቪዲዮዋን የሠራው ጆኒ ቹንግ ሊ ይባላል። አሜሪካን አገር ፒትስበርግ ከተማ፣ ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ በነበረበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2007 ነው ዩቲዩብ ላይ ያወጣት። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2006 መጨረሻ፣ ኒንቴንዶ የተባለው የጃፓን ድርጅት «ዊ» የሚባል ጌም ለገበያ አውጥቶ ነበር። ልጆች ያሉበት ቤት የሠራችሁ ሳታውቁት አትቀሩም፤ ያ ነጩ ረጅሙ ሪሞት፣ እጃቸውን እያወናጨፉ ቴኒስ የሚጫወቱበት። ከ100 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል። ዛሬ በየቤቱ ዕቃ ክፍል ውስጥ አቧራ የጠጣ ካርቶን ውስጥ ነው ያለው። የእኛም ቤት እዚያው ነበር። አቧራውን የምጠርገው እኔ ነኝ፣ አውቀዋለሁ።

አሁን ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ላስረዳ፤ ካልገባን መተቸት አንችልም። የዊ ሪሞት አፍንጫው ላይ ትንሽ ካሜራ አለችው። እንደ ስልካችን ካሜራ ሰውና ዕቃ አታይም። የምታየው ኢንፍራሬድ የሚባለውን ጨረር ብቻ ነው። አሥረኛ ክፍል ፊዚክስ ላይ ተምረነዋል፤ ለዓይን የማይታይ፣ ከቀዩ ብርሃን ወዲያ ያለ። ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ ስልካችሁን የራስ ፎቶ በምታነሱበት በኩል ክፈቱና የኤሲውን ሪሞት አነጣጥራችሁበት ቁልፉን ተጫኑ። በባዶ ዓይን ምንም የለም፤ ስልኩ ላይ ግን ነጣ ያለ ወይም ሐምራዊ ብልጭታ ታያላችሁ። ያ ነው።

ከቴሌቪዥኑ በላይ ወይም በታች የሚቀመጠው ቀጭን ዘንግ ደግሞ «ሴንሰር» ይባል እንጂ የሚያየውም የሚሰማውም ነገር የለም። በሁለቱ ጫፎቹ እንደዚያ ያሉ የማይታዩ አምፖሎች የተደረደሩበት ዘንግ ነው፣ በቃ። በሪሞቱ ውስጥ ያለችው ካሜራ እነዚያን ሁለት መብራቶች እያየች ነው ሪሞቱ ወዴት እንደዞረ የምታውቀው። ዘንጉ ቢጠፋ ሁለት ሻማ አራርቆ ማብራት ይበቃል፤ ብዙ ሰው ሞክሮታል።

የጆኒ ሊ ብልሃት ቦታቸውን ማገላበጥ ነው። በእጅ ይያዝ የነበረውን ሪሞት ቴሌቪዥኑ ሥር አስቀመጠው። ቴሌቪዥኑ ላይ ይቀመጡ የነበሩትን መብራቶች ደግሞ ሰው ራስ ላይ አወጣቸው። ጎንና ጎኑ ላይ ትንንሽ አምፖል ያለው የሥራ መነጽር ገዝቶ አምፖሎቹን በኢንፍራሬድ ቀየራቸው። አሁን ሪሞቱ ተቀምጦ የሰውየውን ራስ ያያል። ራስ ወደ ግራ ሲሄድ መብራቶቹም ወደ ግራ ይሄዳሉ። ርቀቱንስ እንዴት ያውቃል ካላችሁ፣ ሌሊት መንገድ ዳር የቆመ የአገሬ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ከሐይቅ ወደ ደሴ የሚመጣ መኪና ከሩቅ አንድ መብራት ይመስላል፣ ሲቀርብ ለሁለት ይከፈላል፣ አጠገባችሁ ሲደርስ ሁለቱ በጣም ይራራቃሉ። ሪሞቱም እንደዚያው ነው። መብራቶቹ ከተራራቁ ራሱ ቀርቧል፣ ከተቀራረቡ ርቋል።

ይህን የሚቀበለው ኮምፒውተር ሥዕሉን እንደ ራሱ አቀማመጥ እየለወጠ ይስላል። መስኮት አጠገብ ቆማችሁ ወደ ግራ ስትሉ በስተቀኝ ተደብቆ የነበረው የግቢው ግንብ ብቅ ይላል አይደል? ስትጠጉ ብዙ ይታያችኋል፣ ስትርቁ ያንሳል። ቴሌቪዥኑም እንደዚያ ይሆናል። ጠፍጣፋው መስታወት መስኮት ይሆንና ከጀርባው ዓለም ያለ ይመስላል፤ አንዳንዱም ነገር ከመስኮቱ ወጥቶ ክፍሉ ውስጥ የተንሳፈፈ ይመስላል።

እዚህ ላይ ላመስግነው። ሪሞቱን አልፈታውም፣ አልሰበረውም። በብሉቱዝ ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ ቦታውን ብቻ ነው የለወጠው። እኛ ቤት የሰው ዕቃ መፍታት ማለት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። አንድ ብርጭቆ ስትሰበር ደመወዝ የሚቆረጥበት ቤት አለ። ስለዚህ ዕቃውን ሳይነካ ሥራውን የሚለውጥ ብልሃት እኔ ዘንድ ትልቅ ዋጋ አለው። ዋጋውም በዚያን ጊዜ ሪሞቱ 40 ዶላር ያህል፣ መነጽሩም ቀላል ነበር። ፕሮግራሙንም ማንም እንዲወስደው በነጻ ለቀቀው። በየካቲት 2008 ቴድ በሚባለው መድረክ ላይ ቀርቦ፣ በዚያው ሪሞት ተራውን ግድግዳ በሺዎች ዶላር እንደሚሸጠው የትምህርት ቤት ኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ ማድረግ እንደሚቻል ጭምር አሳየ።

አሁን ወደ ትችቴ ልግባ።

የማዳም ልጅ ኮሌጅ ተማሪ ነው። ባለፈው ዓመት የእረፍት ጊዜው ላይ ይህችን ቪዲዮ አየና ካርቶኑን ከዕቃ ክፍሉ አወጣው። አንድ ቀን ሻይ ይዤ ስገባ መነጽር አድርጎ ቴሌቪዥኑ ፊት ወዲያ ወዲህ ይላል። «አየሽ? ወጥቶ መጣ!» አለኝ። እኔ ምንም የወጣ ነገር አላየሁም። ያየሁት የተንጋደደ፣ አንዴ የሚሳብ አንዴ የሚጨማደድ ሥዕል ነው። ልጁ ሲራመድ ሥዕሉ ያለ ምክንያት ይዘላል። «ተበላሽቷል እንዴ?» አልኩት። ሳቀና መነጽሩን አውልቆ እኔ ላይ አደረገው። ወደ ግራ አልኩ፣ ወደ ቀኝ አልኩ። መስኮቱ ተከፈተ! እዚያ ቤት አራት ዓመት ሠርቻለሁ፤ አንድ ነገር በእኔ ራስ ልክ ሲንቀሳቀስ ያየሁት ያን ቀን ነው። አሁን ደግሞ ለእሱ ተንጋደደበት።

ቪዲዮዋ በግልጽ የማታሳየን ይህንን ነው። ያ መስኮት የሚከፈተው ለአንድ ራስ ብቻ ነው። አንድ ቴሌቪዥን በአንድ ጊዜ አንድ ሥዕል ነው የሚስለው፤ ሥዕሉም መብራቱን ላደረገው ሰው የተለካ ነው። አጠገቡ ለተቀመጠው ጠማማ ነው። በር ላይ ትሪ ይዞ ለቆመው ደግሞ ጭራሽ ትርጉም የለውም። ታዲያ ቪዲዮውን የምናየው ሚሊዮን ሰዎች ሁላችንም እንዴት አማረን? ምክንያቱም ሲቀረጽ ሥዕሉ የሚሳለው ለቀራጩ ካሜራ ነው፤ እኛም በካሜራው ቦታ ቆመን ነው የምናየው። ሁላችንም ለአምስት ደቂቃ ያህል ባለ መነጽሩ እኛ የሆንን ይመስለናል።

ሌላም አለ። ካሜራ አንድ ዓይና ነው። ሰው ግን ሁለት ዓይን አለው፤ ሁለቱ ዓይኖች ተባብረው ስክሪኑ ጠፍጣፋ መሆኑን ይነግሩታል። ስለዚህ ነገሩ በቪዲዮ ከሚታየው ይልቅ ክፍል ውስጥ በአካል ሲታይ ደከም ይላል። እኔ አንድ ዓይኔን ስጨፍን ነው የበለጠ ያማረኝ። ይህ ማታለል ነው አልልም። ግን የሚያስደንቀው ነገር ግማሹ የቪዲዮው ውበት እንጂ የዕቃው አይደለም። ሂስ የምንጽፍ ሰዎች ይህን መለየት አለብን።

ልጁ በጌሙ ሳምንት ሳይሞላው ሰለቸው። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። ራሱን ብቻ የሚያንቀሳቅስ ሰው ቤት ውስጥ አለን! ሌሊት ማማ ከቢራ ሲጠሙ እኔ ካልነቃሁ አይጠጡም። ሲበርዳቸው ኤሲውን አያጠፉም። የደማምን ክረምትና በጋ ታውቁታላችሁ፤ በጋው ኤሲ ሳይበራ አይኖርበትም፣ ኤሲው ደግሞ ያረጀ አጥንት ይቆረጥማል። «ይሄ ነገር ለጌም ብቻ ነው የተፈጠረው? የአያትህ ራስ ፍላጻዋን ማንቀሳቀስ አይችልም?» ብዬ ጠየቅኩት። ለደቂቃ ዝም ብሎ አየኝና «ይችላል» አለ።

ይህ አዲስ ሐሳብ አይደለም፤ ኋላ ስፈልግ ነው ያወቅኩት። ሁለተኛው የምነግራችሁ ሥራ አይራይተር ይባላል፤ ከጆኒ ሊ ቪዲዮ ሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2009 የተሠራ ነው። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ቴምፕት ዋን በሚል ስም የሚታወቅ ቶኒ ኳን የሚባል የግድግዳ ሠዓሊ ነበር። በ2003 ኤኤልኤስ የሚባል የነርቭ በሽታ ያዘው። ቀስ በቀስ ሰውነቱ ሁሉ አልታዘዝ ብሎት የሚያንቀሳቅሰው ዓይኑን ብቻ ሆነ። ባለሙያዎች ተሰባሰቡና ርካሽ የመነጽር ፍሬም ወሰዱ፤ የፕሌይስቴሽን ጌም ካሜራ በሽቦ አድርገው ዓይኑ ፊት አንጠለጠሉ፤ ኢንፍራሬድ አምፖል ጨመሩበት። ካሜራው ብሌኑ ወዴት እንደሄደ እያየ ኮምፒውተሩ ላይ መስመር ያሰምራል። ዋጋው 50 ዶላር ያህል ነበር፤ በመደብር የሚሸጠው የዓይን መከታተያ ግን በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ያወጣ ነበር። ሰውየው ለዓመታት ያልሣለውን ሥዕሉን አልጋው ላይ ሆኖ በዓይኑ ሣለ። አሠራሩም ለማንም ክፍት ተደርጎ ተለቀቀ። ታይም መጽሔት በ2010 ከዓመቱ ምርጥ 50 ፈጠራዎች ውስጥ ቆጠረው።

ሁለቱን ሥራዎች ሳነጻጽር የማየው ልዩነት የቴክኒክ አይደለም። ሁለቱም የጌም ካሜራ፣ ሁለቱም ኢንፍራሬድ፣ ሁለቱም መነጽር ናቸው። የመጀመሪያው «ይህ ዕቃ ምን መሥራት ይችላል?» ብሎ ተነሣ። ሁለተኛው «ይህ ሰው ምን መሥራት ይፈልጋል?» ብሎ ተነሣ። ለዚህ ነው የመጀመሪያው አስደንቆኝ የሄደው፣ ሁለተኛው ግን ከእኔ ጋር የቀረው።

ወደ ቤታችን ልመለስ። ልጁ ሁለት ትንንሽ ኢንፍራሬድ አምፖል ከትንሽ ባትሪ ጋር የማማ ከቢራ አሮጌ መነጽር ላይ አሰረ። ሪሞቱን ከአልጋቸው ትይዩ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ስክሪኑ ላይ አራት ትልልቅ ሳጥኖች አሉ፤ ውኃ፣ ሕመም፣ ብርድ፣ ሽንት ቤት። ራሳቸውን አዙረው ፍላጻዋን አንዱ ሳጥን ላይ ሦስት ሰከንድ ካቆዩ ድምፅ ይጮኻል፣ ስልኬም ይጠራል።

በመጀመሪያው ሐሙስ ማታ ልጁ ቤተሰቡን ሰብስቦ ሲያሳይ እኔ እንደ ልማዱ የዕጣን ማጨሻውን ይዤ ገባሁ። ፍላጻዋ ማማ ከቢራን ትታ እኔን ተከትላ መሄድ ጀመረች! ወደ መስኮቱ ስሄድ ወደዚያ፣ ወደ በሩ ስመለስ ወደዚህ። ልጁ መጀመሪያ «ምን ነካሽው?» ብሎ ተቆጣ። ኋላ ነው የገባን፤ የዕጣኑ ፍም የሚያወጣው ያንኑ የማይታይ ጨረር ነው። ለሪሞቱ የማማ ከቢራ ራስና የእኔ ፍም አንድ ናቸው። የማን ራስ እንደሆነ አያውቅም፣ የሚያውቀው መብራት ብቻ ነው። በነጋታውም መጋረጃው ተገልጦ ፀሐይ ስትገባ እንደገና ተደናገረ፤ ፀሐይም ያው ጨረር አላትና። እኔና ልጁ አብረን ሕግ አወጣን፤ መጋረጃ ይዘጋ፣ ፍም አይግባ።

ታዲያ ጠቀመ ወይ? ጠቀመ። ግን ቪዲዮዎቹ እንደሚያሳዩት አይደለም። ማማ ከቢራ አሥር ደቂቃ ሳይሞላቸው አንገታቸው ይደክማል። መነጽሩ ላብ ሲሆን ይንሸራተታል፤ የደማም በጋ ደግሞ ረጡባው ታውቁታላችሁ። ሪሞቱ በሁለት ባትሪ ነው የሚሠራው፣ የመነጽሩም ባትሪ ቶሎ ያልቃል። መነጽሩን ጠዋት የማደርግላቸው እኔ፣ የማወልቀው እኔ፣ የምጠርገው እኔ፣ ባትሪ የምቀይረው እኔ ነኝ። ማሽኑም መጨረሻ ላይ የሚጠራው ሰው እኔው ነኝ። በሁለቱም ቪዲዮዎች ላይ እንዲህ ያለ እጅ አይታይም። መነጽሩ ራስ ላይ ተደርጎ፣ ባትሪው ሞልቶ፣ ሁሉ ነገር ተዘጋጅቶ ነው ድንቁ የሚጀምረው። የቴምፕትንም ዓይን ፊት ካሜራውን በየቀኑ የሚያስተካክል ሰው ሳይኖር አይቀርም፤ እንደ እኔ ያለው ሰው ይህን ነው ቀድሞ የሚያስበው። «የቤት ውስጥ ፈጠራ» ሲባል ቤቱን ቤት የሚያደርገው ሰው ከፎቶው ውጭ ነው።

አንድ ቀን ባትሪው ሲያልቅ ካርቶን ቆርጬ እነዚያኑ አራት ሳጥኖች በማርከር ሣልኩባቸው። አንድ በአንድ በጣቴ ሳሳያቸው ትክክለኛው ላይ ስደርስ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ከማሽኑ ይፈጥናል፣ ባትሪም አይበላም። «እንግዲያ ማሽኑ ለምን አስፈለገ?» ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። ብዙ ቀን አሰብኩበት። መልሱ ይህ ነው፤ ካርቶኑን ይዤ ስጠይቃቸው ይመልሳሉ፣ በማሽኑ ግን እሳቸው ይጀምራሉ። እኔ ኩሽና ሆኜ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ እሳቸው በፈለጉ ሰዓት ቤቱ ውስጥ ድምፃቸው ይሰማል። መጀመር ትልቅ ነገር ነው። እኛም ሰው ቤት የምንኖር ሴቶች እናውቀዋለን፤ ሲጠየቁ መመለስና ራስ ጀምሮ መናገር አንድ አይደለም።

ከሳምንት በኋላ ሌላ ነገር አስተዋልኩ። አንዳንዴ ማማ ከቢራ አራቱንም ሳጥን እየዘለሉ ራሳቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። እየሮጥኩ እመጣለሁ፤ ውኃ አይፈልጉም፣ አላመማቸውም። መነጽሩ ነው ያስጠላቸው። ራሳቸው ማውለቅ አይችሉም። የሚከተላቸውን ነገር እኛ አድርገንላቸዋል፣ «አውልቁልኝ» የሚል ሳጥን ግን አልሰጠናቸውም! እኛስ ኮሪደሩ ላይ፣ ኩሽናው ላይ ካሜራ ባለበት ቤት ስንሠራ የሚሰማን ስሜት ምንድነው? ልጁን ለመንኩት፤ አምስተኛ ሳጥን ጨመረ፤ «ተዉኝ» የሚል። ሲጫኑት መነጽሩን አወልቅላቸዋለሁ፣ መብራት አጠፋለሁ፣ እወጣለሁ። ከአምስቱ ሳጥኖች ብዙ ጊዜ የሚመርጡት እሱን ነው። ሰው ምን ያህል ለብቻው መሆን ይናፍቅ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ።

ዘመዶች ሲመጡ ልጁ ያሳያል፣ ይጨበጨብለታል። ይገባዋል፣ ሠርቷል። «ማን አሰበው?» ብሎ የጠየቀ ግን እስካሁን የለም። ይህን የምጽፈው ለቅሬታ ብቻ አይደለም። አምስተኛዋ ሳጥን ከእኛ ዓይነት ሰው በቀር ከማንም ራስ አትወጣም ብዬ ስለማምን ነው። ማድረግና ማውለቅ የሚችል ሰው አያስባትም።

አሮጌን ዕቃ ለሌላ ሥራ ማዋል ለእኛ አገር ብርቅ አይደለም። አዲስ አበባ መርካቶ ምን አለሽ ተራ የገባች ሁሉ ታውቀዋለች፤ በርሜሉ ምድጃ ይሆናል፣ ጣሳው ኩራዝ ይሆናል፣ የመኪና ጎማው በረባሶ ይሆናል። ቆራሌው በየሰፈሩ እየጮኸ የሚሰበስበው ነገር ሁሉ ሁለተኛ ሕይወት አለው። አባቴ የጎማ ጫማ አድርጎ ነው ያሳደገኝ። ለእኛ ሲሆን ድህነት ይባላል፣ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሲሆን ፈጠራ ይባላል። ይህ አንጀቴን ያቃጥለኛል። ነገር ግን እውነቱን መናገር ካለብኝ አንድ ልዩነት አለ። ጆኒ ሊ አሠራሩን ቀርጾ፣ ፕሮግራሙን አያይዞ ለዓለም ሰጠ። እኛ ብልሃታችንን ከእጃችን ጋር ይዘነው እንሞታለን።

ይህ ሰው ማካፈልን እንደ ቁም ነገር እንደያዘው ኋላም ታይቷል። በኅዳር 2010 ማይክሮሶፍት ኪኔክት የሚባለውን፣ ያለ ሪሞት የሰውን አካል የሚከታተለውን የጌም ካሜራ ሲያወጣ፣ አዳፍሩት የሚባል ድርጅት ዕቃው ለማንኛውም ኮምፒውተር እንዲሠራ ክፍት ፕሮግራም ለሚጽፍ ሰው ሽልማት አወጀ። ማይክሮሶፍት መጀመሪያ አልወደደውም። ሽልማቱ 3000 ዶላር ደርሶ ሄክተር ማርቲን የሚባል ሰው በቀናት ውስጥ አሸነፈ። ከወራት በኋላ የሽልማቱን ሐሳብና ገንዘብ ያመጣው ጆኒ ሊ ራሱ እንደሆነ ተናገረ፤ ያን ጊዜ የሚሠራው ማይክሮሶፍት ውስጥ፣ እዚያው ኪኔክት ላይ ነበር! የራሱ መሥሪያ ቤት ዕቃ እንዲከፈት በጓሮ በር ደገፈ ማለት ነው። በዚህ አከብረዋለሁ።

ለእህቶቼ ጥቂት ምክር ልስጥ። ዛሬ ለዚህ ሥራ የዊ ሪሞት የግድ አይደለም። ቦስተን ኮሌጅ የሠራው ካሜራ ማውስ የሚባል ነጻ ፕሮግራም በተራ የኮምፒውተር ካሜራ ፊትን እያየ ፍላጻዋን ያንቀሳቅሳል፤ መብራትም መነጽርም አይፈልግም። አንድሮይድ 12 እና ከዚያ በላይ የሆነ ስልክ ደግሞ ብዙ ጊዜ በፊት እንቅስቃሴ፣ ለምሳሌ በፈገግታ ወይም ቅንድብ በማንሣት፣ የሚታዘዝበት ምርጫ አለው፤ የተደራሽነት ቅንብር ውስጥ ፈልጉት። ቤተሰቡን ሳትጠይቁ ግን አትጀምሩ፣ የሰው ዕቃ አትፍቱ፣ በሽተኛው ሐኪም ካለው ሐኪሙን አማክሩ። ሁሉም ካልሆነ ካርቶንና ማርከር አለ። እሱም ባይሆን ዓይናቸውን ማየት አለ።

ለማጠቃለል፣ የጆኒ ሊን ቪዲዮ እዩት እላለሁ። ሐሳቡ ንጹሕ ነው፣ አነጋገሩ ትሑት ነው፣ አሠራሩን አይደብቅም። ስታዩት ግን ሦስት ጥያቄ ይዛችሁ እዩት። መብራቱን ያደረገው ራስ የማን ነው? መብራቱን ያደረገለት እጅ የማን ነው? ደግሞስ ሲያስጠላው ማውለቅ ይችላል ወይ? እነዚህን ጥያቄዎች የሚመልስ ሥራ ሳይ ነው መስኮት ተከፈተ የምለው።

ልጁ እረፍቱ አልቆ ወደ ኮሌጁ ተመልሷል። ስልኩ ላይ ሆኖ አንዳንዴ «አያቴ ትጠቀማለች?» ብሎ ይጠይቀኛል። ጠዋት ጠዋት ይጠቀማሉ። ይህን የምጽፈው ከምሳ በኋላ ነው፤ ዛሬ «ውኃ» አንድ ጊዜ፣ «ብርድ» አንድ ጊዜ ጠርተውኛል። ከዚያ «ተዉኝ» አሉ። መነጽሩን አውልቄ፣ ጠርጌ አስቀምጬ፣ መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁ። ፀሐይ ገብታለች፤ አሁን ማንም አይከተላቸውም።